ተቀባይ የሌለው መንዙማ

 

በ2017 ዓ.ም. ዘመን መለወጫና የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መውሊድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዋሉ። አዲሱ ዓመት ረቡዕ ገባ፤ መውሊዱ መስከረም 5 ቀን እሑድ ሆነ። ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተምና እኛም ከጠመኔ ብናኝ አርፈን ደሴ ቤታችን ተቀምጠናል። በዚህ መሐል ነው አንድ የመካነ ሰላም የልጅነት ጓደኛችን ከአዲስ አበባ የመጣው። ነርስ ነው፤ በዓልን ከሥራ ውጭ ማሳለፍ እምብዛም አይሆንለትም። ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ አምስት ትኬት ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸውና «ቅዳሜ ማታ የምናመሽበት ተገኝቷል!» አለን።

ትኬቱ ለመንዙማ ምሽት ነው። በመውሊዱ ዋዜማ በአንድ አዳራሽ ከሚያዜሙት መካከል የቦረናው ልጅ፣ የእኛው የመድረሳ ጓድ አለበት። (የወሎውን ቦረና ማለታችን ነው፤ ከመካነ ሰላም እስከ ዓባይ ሸለቆ የተዘረጋውን። የደቡቡ ቦረና የሚመስላቸው አንባብያን አይጠፉም።) ስሙን አንጽፍም፤ ስለ ራሱ ሲወራ የሚሸማቀቅ ሰው ነው። ለውሕ ይዘን ቁርኣን ቤት በምንመላለስበት ጊዜ ከእኛ በሁለት ዓመት ይበልጥ ነበር። ኸሚስ ማታ በሐድራው ከትልልቆች ጎን ተቀምጦ ድምፁን እንዲያወጣ የሚፈቀድለት ልጅ እርሱ ብቻ ነበር። ዛሬ ድምፁ በየታክሲውና በየሰው ስልክ ይሰማል።

አምስቱ ትኬቶች ለአምስት ሰው ነው የተገዙት፦ ለነርሱ፣ ለእኛ፣ ኮምቦልቻ ላይ እህል ለሚነግደው ወዳጃችን፣ ከመካነ ሰላም ወደ ደንቆሮ ጫካ በሚወስደው በኩል እያረሰ ለሚኖረው ጓዳችን። አምስተኛው ላይ ስንደርስ ዝም ተባለ።

«ለእርሱም ገዛህለት?» አልነው።

«አባቱ ያወርዱት የነበረውን መንዙማ ነው እኮ የሚያዜመው፤ እንዴት አልገዛለትም?» አለ ነርሱ።

ይህን አምስተኛ ጓደኛችንን «የጅዳው» እያልን እንጥራው። ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

የጅዳው አባት በአገራቸው የታወቁ አውራጅ ነበሩ። ትልቅ ዓሊም አልነበሩም፤ ገበሬ ነበሩ። ነገር ግን ከሸኾቻቸው የተቀበሉትን መንዙማ ከራስ እስከ ግርጌው ሳያጎድሉ ያወርዱታል። በየዓመቱ ለመውሊድ በግ ያርዳሉ፤ አገሬው ይጠራል። ክርስቲያን ጎረቤቶችም አይቀሩም፤ የእነርሱ በግ ለብቻው በራሳቸው እጅ ይታረዳል፣ ለብቻው ይቀቀላል፣ ጨዋታው ግን አንድ ላይ ነው። እኛ ልጆቹ በሩ አጠገብ ተደርድረን በጭሱ ዓይናችን እያለቀሰ አዝማቹን እንቀበላለን። የመካነ ሰላም ብርድ በዚያ ሌሊት አይሰማም ነበር።

የጅዳው በ1997 ዓ.ም. ወደ ሳውዲ ሄደ። በ2002 ዓ.ም. ለመውሊድ ሰሞን ለዕረፍት መጣና በአባቱ ቤት፣ በእንግዶች ፊት፣ ይህ የሚደረገው ሁሉ ቢድዓ ነው፣ መተው አለበት አለ። ያለውን ማስረጃ እየጠቀሰ ተናገረ። እኛ ያን ጊዜ ከኮሌጅ ከወጣን ገና ዓመት ያልሞላን ነበርንና ዕውቀታችን ከአፋችን ይፈስ ነበር። ብድግ ብለን በሽማግሌዎች ፊት መለስንለት። መመለስ ብቻ አይደለም፤ አፌዝንበት። «ስድስት ዓመት ዐረብ አገር ያልሞላው ሰው» ብለን ሰው አሳቅንበት። ዛሬ ስናስበው ያ ሳቅ ከእርሱ ንግግር የባሰ ነበር። አባትየው ምንም አልተናገሩም። በሚቀጥለው ዓመት ግን በግ አላረዱም፤ ሰውም አልጠሩም። ለምን ቢሏቸው «ልጄን ከማስቀይም» አሉ። በ2004 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው።

በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ባስወጣችበት ጊዜ የጅዳውም አብሮ ተመለሰና ደሴ ላይ ሱቅ ከፈተ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአንድ ከተማ እንኖራለን። ሸዋ በር መስጊድ ስንገናኝ አሰላሙ ዐለይኩም እንባባላለን። ከዚያ ያለፈ ቃል አልነበረንም፤ አሥር ዓመት!

ውድ አንባቢ፣ ወጣት ከሆንክና መንዙማን በስልክ ብቻ የምታውቀው ከሆነ ይህ ሁሉ ጠብ ስለ ምን እንደሆነ ላይገባህ ይችላል። ቃሉ «ነዘመ» ከሚለው የዐረብኛ ግሥ የመጣ ነው፤ ዶቃን በክር መሰካት፣ ንግግርንም በግጥም ማሰናዳት ማለት ነው። የወሎ ዑለማኦች ዐረብኛ ለማያውቀው ገበሬና እረኛ ተውሒዱን፣ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ታሪክ፣ የቂያማን ነገር በአማርኛ ግጥም እየሰደሩ አስተማሩት። መጽሐፍ መግዛት ለማይችል ሰው ዜማ ይሸከምለታል። የጻፉትም ብዙውን ጊዜ ዐጀሚ በሚባለው መንገድ ነው፤ ማለትም ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብኛ። በዐረብኛ የማይገኙትን የአማርኛ ድምፆች በምልክት እየለዩ ይጽፋሉ። መድረሳ ተቀምጦ አማርኛንም ያጠና ሰው ብቻ ነው በቀላሉ የሚያነበው። በእኛ ክፍል ካሉት ተማሪዎች መካከል አንድም የሚያነበው አላገኘንም።

ጃማ ንጉሥ፣ ጌታ፣ ዳና፣ ሾንኬ፣ እነዚህ ሁሉ የወሎ የዒልም ማዕከሎች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያረፉት የጃማ ንጉሡ ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ መውሊድ በአደባባይ እንዲከበር በማድረግ ስማቸው ይነሣል። ወደ እኛ አገር ሲመጣም ከለጋምቦ ወገን ቱሉ አውልያ የሚባል ቦታ አለ፤ «ቱሉ» በኦሮምኛ ኮረብታ ነው፤ ስሙን የሰጠው ሕዝብ ምን ዓይነት ሕዝብ እንደሆነ ከስሙ ይታወቃል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ባደረጉት ጉባኤ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲታዘዝ፣ እምቢ ካሉት ዑለማኦች አንዱ ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር ነበሩ። እርሳቸውም በአማርኛ መንዙማ የሚታወቁ ናቸው። መስጊድ ሲዘጋ ዜማ አይዘጋም።

ምሁራንም አልናቁትም። ጣልያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የአማርኛ ዜማዎች በ1926 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሰፋ ማሞ በወሎ መንዙማ ላይ ያጠናውን ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አቅርቧል። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና የጻፉት ሰፊ መጽሐፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። መውሊድ ራሱ በመንግሥት ደረጃ በዓል የሆነው ከሚያዝያ 12 ቀን 1966ቱ ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ነው።

ይህን ሁሉ ለየጅዳው መንገር አያስፈልግም ነበር። ያውቀዋል። ክርክሩ ሌላ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነጋዴውና ነርሱ እሱቁ ድረስ ሄደው ትኬቱን ሰጡት። እኛ ውጭ ቆመን ጠበቅን፤ ለመግባት አፍረን ነው። ድምፁ ይሰማናል።

«ያ አኺ፣ እኔ ሙግት አልፈልግም» ይላል። «ሰው የወደደውን ያድርግ። እኔ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያላደረጉትን፣ ሶሓቦች ያላደረጉትን አላደርግም።»

ነጋዴው ሙግት የማይችል ሰው ነው፤ ግን የሰማውን አይረሳም። «በዒድ ቀን በእናታችን በዓኢሻ (ረ.ዐ) ቤት ሁለት ልጃገረዶች ድቤ እየመቱ ሲያዜሙ አቡበክር (ረ.ዐ) ሊከለክሏቸው ቢሉ ነቢዩ ተዋቸው አላሉም ወይ? ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት አይደለም ወይ?» አለው።

«ነው። እርሱ ዒድ ነው። መውሊድ ከሁለቱ ዒዶች አንዱ አይደለም።»

እዚህ ላይ ነጋዴው አለቀበት። እኛ ውጭ ሆነን መልስ ነበረን፤ ስለ ሐሳን ኢብን ሣቢት፣ ስለ ከዕብ ኢብን ዙሀይር፣ ስለ ቡሲሪ ቡርዳ የምንለው ነበረን። አልገባንም። አንድ ጊዜ በመልስ ያሸነፍነው ሰው አሥር ዓመት እንዳጣነው ትዝ አለን።

«እሺ ሙግቱን ተወው» አለው ነርሱ። «የአባትህን ነው የሚያወጣው።»

ረዥም ዝምታ ሆነ። «ጫት አለ?» አለ የጅዳው በመጨረሻ።

«አዳራሽ ነው፤ ውሃ እንኳ በሽያጭ ነው» አለ ነጋዴው።

ቅዳሜ ማታ ከዒሻ በኋላ አራታችን ገባን። አምስተኛው ወንበር ባዶ ነው። ገበሬው ጓዳችን ከመካነ ሰላም በአቀስታ አድርጎ ደሴ ለመድረስ ሁለት ቀን ሞክሮ መንገዱ ስለተዘጋበት ቀርቷል። እኛና የጅዳው ተራርቀን፣ ባዶውን ወንበር መሐላችን አድርገን ተቀመጥን። አዳራሹ ሞልቷል። ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ ናቸው፤ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሕፃናት በወንበሮቹ መካከል ይሯሯጣሉ። የትኬቱን ዋጋ እዚህ አንጽፍም፤ ለአንድ ተማሪ የዓመት ደብተር ይገዛል፣ ነርሱ ደግሞ አምስት ገዝቷል። አዘጋጆቹ ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ቁርኣን ተቀራ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰዓቱም ተከበረ።

የእኛ ሰው ሦስተኛ ሆኖ ወጣ። በርኖሱን እንደ አገሩ ጣል አድርጎበታል። አንድ ድቤ መቺ አብሮት ነው፤ ከኋላው ደግሞ አንድ ወጣት ኪቦርድ ፊት ተቀምጧል። ሰላዋት አውርዶ ጀመረ።

አልሐምዱሊላህ፣ ድምፁ አልተለወጠም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ሲወጡ ነርሱ እጃችንን ጨበጠን። ዜማው አምባሰልን ይጠጋል፤ የአገራችን ሰው ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱን በራሱ አገር ስም፣ ባቲና አምባሰል ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ስለሆነ መንዙማውም ከዚያው ምንጭ ቢቀዳ አይደንቅም። በዚያች ደቂቃ ጭሱም፣ በግ የሚቀቀልበት ብረት ድስትም፣ በሩ አጠገብ የተደረደርነው ልጆችም ተመለሱ።

ከዚያ አዝማቹ መጣ። ሰው አልተቀበለም።

ከድምፅ ማጉያው ግን ተቀባይ ወጣ። አስቀድሞ የተቀዳ ነው፤ ሃያ ሰው የሚሆን የወንድ ድምፅ፣ የተስተካከለ፣ የማይሳሳት፣ የማይቀድም፣ የማይዘገይ። ሰዉ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርፃል። ከፊታችን የተቀመጠው ወጣት ከመድረኩ ይልቅ በስልኩ ያየው ነበር፤ አጠገባችን ሆኖ ሩቅ አገር ያለ ይመስል።

አሁን ስለ መቀበል መናገር አለብን። በሐድራ አውራጁ ብቻውን መንዙማ አይሠራም። ስንኙን ያወርዳል፤ ቤቱ አዝማቹን ይመልሳል። ቤቱ ሲመልስ አውራጁ ይተነፍሳል፣ የሚቀጥለውን ያስታውሳል። ከጠፋበት ከተቀባዮቹ አንዱ መነሻውን ቃል ያቀብለዋል፤ እርሱም ይዞት ይሄዳል። ድካም ሲያይ ቤቱ አዝማቹን ሁለት ጊዜ ይደጋግምለታል። ስንኙ ልብ ሲነካ ደግሞ ቤቱ አይጠብቀውም፤ ገና ሳይጨርስ ይቀድመዋል። ቀጣዩ አውራጅ የሚገኘውም ከተቀባዮቹ ነው፤ አዝማቹን ሲመልስ ያደገ ልጅ አንድ ቀን ራሱን ስንኙን ሲያወርድ ያገኘዋል። እኛም የዐጀሚውን ጽሑፍ ከማንበባችን በፊት በዚህ መንገድ ነው መንዙማ ያወቅነው።

ከማሽን የተቀዳው ተቀባይ ይህን ሁሉ አያውቅም። አውራጁ ቢረሳም ባይረሳም በሰዓቱ ይመጣል።

በሦስተኛው አዝማች ላይ ይመስለናል፣ ከቀኛችን፣ ከባዶው ወንበር ማዶ አንድ ድምፅ ወጣ። ማሽኑ ከመጀመሩ ግማሽ እርምጃ ቀድሞ፣ ወፍራም የገበሬ ድምፅ፣ አዝማቹን መለሰ። ሁለት መስመር ሙሉ ሰው ዞሮ አየ። የጅዳው ነው። ራሱን ሲሰማ ጊዜ ዝም አለ፤ ጉልበቱን እያየ አቀረቀረ። አንድ ልጅ ሳቀ። እኛም ያ የ2002 ዓ.ም. ሳቅ መጣብንና ፊታችንን አዞርን።

መድረኩ ላይ ያለው ግን ሰምቷል። ወደ እኛ በኩል ተመለከተ፤ በመብራቱ ምክንያት ማን እንደሆነ ማየት እንደማይችል ያስታውቃል። ሁለት ስንኝ አከለ፤ ከዚያም በአንድ ጊዜ ወደ መዝጊያው ዱዓ ዞረ።

«ዘለለ!» አለ የጅዳው። ለማን እንደተናገረ አናውቅም። አሥር ዓመት ሙሉ ከእርሱ የሰማነው ከሰላምታ ውጭ ያለ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። «ዘለለ እኮ! የሒጅራው የት አለ? የገደሉ በር ላይ የሸረሪቷ፣ የርግቧ የት አለ?»

ነጋዴው «ቢድዓ ያልከው ሰው ነህ ቆጣሪው?» ሊለው አፉን ሲከፍት ነርሱ በክርኑ ጎሸመው። ከዚህ ሁሉ ምሽት ትክክለኛው ሥራ ያ ክርን ነበር።

ሲያልቅ በጓሮ በኩል ሄደን ጠበቅነው። ወጣ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። የጅዳውን ሲያይ ቆመ፤ ከዚያ እንደ ታላቅ ወንድም ግንባሩን ሳመው።

«አንተ ነበርህ የቀደምኸው?»

«አፌ አመለጠኝ።»

«ወላሂ ከገባሁ ጀምሮ የሰማሁት ሰው አንተ ብቻ ነህ» አለው።

ስለ ማሽኑ ጠየቅነው። አልተቆጣም። «መጀመሪያ ያለ እርሱ ሞከርኩ፤ አዝማቹ ላይ ስደርስ አዳራሹ ጭጭ ይላል። ሰዉ አልሰነፈም፤ አያውቀውም። ሰው ባያውቅ ዝም ብዬ ልቁም?» አለ። እውነቱን ነው። እኛም ማሽንን ብቻ ለመውቀስ አፍ የለንም፤ የሸኽ ሙሐመድ አወል ሐምዛን ካሴት እስኪላላ ድረስ እያጠነጠንን ያደግን ትውልድ ነን። በካሴቱ ስንት ሰው ሰላዋት ለምዷል! የፓኪስታኑ ኑስረት ፈትሕ ዓሊ ኻንም ከዚያራ ቦታ የወጣውን ቀዋሊ ይዞ በ1985 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በወማድ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ሲያሰማ ቋንቋውን የማያውቅ ሕዝብ ነበር የሚሰማው። እርሱ ግን ተቀባዮቹን አጠገቡ አስቀምጦ ነበር የሚያዜመው፤ የገዛ ዘመዶቹን።

«ለምን ዘለልህ ታዲያ?» አለው የጅዳው። ከዚያች ነገር አልወጣም።

«አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የሰጡኝ» አለ መጀመሪያ። ቀጥሎ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ግን ሰዓት ቢሰጡኝም የለኝም። ከአባትህ የያዝኩት ግማሹን ነው። በየመውሊዱ አምስት ስድስት ስንኝ እጨምር ነበር። በ2002 ቆመ» አለ።

ቃሉ ውስጥ ወቀሳ አልነበረበትም። ቀኑን ብቻ ነው የተናገረው። የጅዳው ግን የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በእጁ ማገላበጥ ጀመረ፤ ምንም አልመለሰም። እኛም አልመለስንም። መውሊዱን ያስቆመው የእርሱ ንግግር ብቻ ነው እያልን ስንት ዓመት አስበናል! አንድ ልጅ በአባቱ ቤት በሳቅ ባይዋረድ ኖሮ ምናልባት ነገሩ በሌላ ቀን በለሆሳስ ይነገር ነበር፤ ሽማግሌውም በግና ልጅ ከማማረጥ ይድኑ ነበር።

እኛ አንድ ነገር ነበረን፤ እስከዚያች ሌሊት ለማንም አላሳየነውም። አባቱ በ2003 ዓ.ም. ለእረፍት መካነ ሰላም በሄድንበት ጊዜ ጠርተውን በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር ሰጥተውናል። «አንተ ሁለቱንም ፊደል ታውቃለህ፤ እቤቴ ከሚበላው አንተ ዘንድ ይሁን» ነበር ያሉን። የአደራ ዕቃ ነው። ለባለቤቱ ልጅ መስጠት ሲገባን ቂም ይዘን ሳጥን ውስጥ አቆየነው፤ የዚህ ዓምድ አንባቢ ይህን ቢነቅፍብን ተገቢ ነው።

«ቤት እንሂድ» አልናቸው።

ሌሊቱን ወለል ላይ ተቀመጥን። ቡና ተፈላ፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪያልቅ ደብተሩ መሐላችን ተዘርግቶ ነበር። አዜማችን ስንኙን በዜማ ይጀምራል፤ እኛ ከዐጀሚው እናነባለን፤ ነርሱ በግዕዝ ፊደል አዲስ ደብተር ላይ ይጽፋል። ሠላሳ ያህል ስንኝ ጥሩ ይነበባል። ከዚያ በኋላ ርጥበት ገብቶበት ቀለሙ ፈስሷል፤ ከቃሉ ራሱ ወይም ጭራው ብቻ የቀረበት ቦታ ብዙ ነው። እዚያ ስንደርስ የጅዳው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይሄዳል፤ ከሥር ጀምሮ ያመጣውና ከጠፋው ቦታ ላይ ሲደርስ ቃሉ ከአፉ ይወጣል። ዝም ብሎ ጠይቁት፣ አያውቀውም። ከአዝማቹ ጀምሮ ሲንደረደር ብቻ ያገኘዋል። የሒጅራውን ሰባት ስንኝ እንዲህ አድርጎ አወጣው። ርግቧም ሸረሪቷም ተገኙ። አዝማቹን ሁላችን ተቀበልን፤ የነጋዴው ድምፅ እንደ ድሮው ከቅኝት ውጭ ነው፤ ባለቤታችን ልጆቹ እንዳይነቁ ሁለት ጊዜ በሩን መጥታ ዘጋችብን።

አንባቢ ሆይ፣ የጅዳው ሐሳቡን የለወጠ እንዳይመስልህ። ፈጅር ሰግደን ስንለያይ «መውሊድ አላከብርም፤ ይህን እወቁልኝ» አለ። «አላልንህም» አልነው። «ግጥሙ ግን የአባቴ ነው። ተውሒድ ነው ያለበት፤ አንድም ሺርክ አላየሁበትም» አለና ደብተሩን ሁለት ጊዜ ገልጦ እንደገና አየው። ከአንድ ስንኝ ላይ ተጠራጥሯል፤ እርሱን ለዓሊም አሳይቼ ልጠይቅ ብሎ ምልክት አደረገበት። መጠየቁ መልካም ነው፤ እኛም ምልክቱን አልፋቅንም።

ከመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ግን አንዳችንም አልነበረንም። ያን የሚያውቅ ካለ ገበሬው ጓዳችን ነው፤ ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ ጎረቤታቸው እርሱ ነበርና። ስልኩን ሞከርነው፤ አይሠራም። ስለዚህ የጻፍነውን ሁሉ በሌላ ወረቀት ገልብጠን፣ ለጎደለው ባዶ መስመር ትተን፣ መንገዱ ሲከፈት በአቀስታ በኩል ለሚያልፍ አንድ መንገደኛ ሰጠነው።

ወረቀቱ የተመለሰው ኅዳር ላይ ነው። በእርሳስ አራት ስንኝ ሞልቶበታል። የቀረውን እርሱም አያውቀውም፤ ከሽማግሌው የልጅነት ጓደኞች አንድ በሕይወት ያሉ አሉና እርሳቸውን ሄጄ እጠይቃለሁ ይላል። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ እኛ ደህና አድርገን ጽፈነዋል ባልነው ሁለተኛ ስንኝ ላይ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ከደጁ መድረሱን በሚናገርበት ቦታ፣ አንድ ቃል ሰርዟል። በዐጀሚው ከመጨረሻዋ ኑን በላይ ያለችው ምልክት በርጥበቱ ጠፍታ ነበርና እኛ አማርኛ አስተማሪ ነንና «መጣን» ብለን ጽፈነዋል። እርሱ «መጣነ» ብሎ አርሞታል። ከጎኑም «እሳቸው መጣን ብለው አያውቁም። ነ ካልገባች ጭብጨባው ይጎድላል፤ ሞክሩት» ብሎ ጽፏል።

ሞከርነው። ይጎድላል።